ባሕር የሚበላው አሸዋ ስንት ያወጣል?

በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ሃርቪ ሲዳርስ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ቤቶችን ከማዕበል ለመከላከል ቁመቱ 22 ጫማ የሆነ የአሸዋ ክምር ተሠራ። ክምሩ በመሬታቸው ጠርዝ ያረፈባቸው ባልና ሚስት ባሕሩን ጋረደብን ብለው ተሟገቱ፤ 375,000 ዶላር ካሣም ተፈረደላቸው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ሳንዲ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ያንን ዳርቻ መታ። በ2013 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክምሩ ለቤቱ የሚሰጠው ጥቅም ሊሰላ የሚችል ከሆነ በካሣው ውስጥ ይታሰብ ሲል ወሰነ። ነገሩ በ1 ዶላር ስምምነት አለቀ።

እንግዲህ ጥቅሙን ማን ያስላው? ኤስቢችና ኤክስቢች የሚባሉት የኮምፒውተር ሞዴሎች የማዕበሉን ከፍታ፣ የቆየበትን ሰዓትና የአሸዋውን ቅንጣት መጠን ተቀብለው ባሕሩ ክምሩን እንዴት እንደሚንደው ያሳያሉ። ክምሩ የተሠራው በቤቱ ፈንታ ሊበላ ነውና መናዱ ውድቀት አይደለም (ይህን ለባለቤቱ ማስረዳት ከስሌቱ ሳይከብድ አይቀርም)። እኔን የሚያሠጋኝ ሌላ ነው። ከሌላ ስፍራ ተቆፍሮ የመጣ አሸዋ ቅንጣቱ ከቀድሞው ሊለይ ይችላል፤ ደቃቁ ቶሎ ይታጠባል። በቀድሞው አሸዋ ልክ የተሰላ ቁጥር ያማረ ሐሰት ነው። ስለዚህ ሞዴሉ ከማዕበል በፊትና በኋላ በተለካ ዳርቻ ላይ ሳይፈተን፣ በእርሱ ቁጥር የማንም ካሣ ሊቀነስ አይገባም እላለሁ።