ጎሬ ያጣችው ብር ብቻ አልነበረም

በጣሊያን ወረራ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲለቁ የመንግሥቱ መቀመጫ በምዕራብ ያለችው የጎሬ ከተማ እንድትሆን፣ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹም እንዲመሩት ተወሰነ፤ ኋላም የጦር መሪው ራስ እምሩ ወደዚያው አቀኑ። ዓመት እንኳ ሳይሞላው ያ መንግሥት ፈረሰ። ለመፍረሱ የሚሰጠው ምክንያት የጣሊያን አውሮፕላንና የገንዘብ እጦት ነው። እኔ ግን ከብሩ በፊት የጎደለው የጎረቤቷ የወለጋ ሕዝብ እምነት ነበር እላለሁ።

የገንዘቡ ችግር እውነተኛ መሆኑ አይካድም። የአዲስ አበባው ግምጃ ቤትና የባቡሩ ቀረጥ በጠላት እጅ ወድቀዋል። የቀረው ዋና በር የባሮ ወንዝ ነበር፤ የምዕራቡ ቡና ክረምት ወንዙ ሲሞላ ከጋምቤላ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር። ጎሬና ደምቢዶሎ የአቢሲንያ ባንክ ቀድሞ የደረሰባቸው የንግድ ከተሞች ናቸው። አገሩ ሀብት ነበረው፤ ሀብቱን ለመንግሥት የሚያስከፍለው እምነት ግን ተሸርሽሮ ነበር። ከሞረዳ በከሬ ጀምሮ የወለጋዋ የሌቃ ነቀምቴ ገዥዎች ለምኒልክ በሰላም ገብተው፣ ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ኖረዋል። ማእከሉ ይህን ሥልጣን እያጠበበ ሄደ፤ ጎረቤት ጅማም በ1924 ዓ.ም. ራስ ገዝነቷን አጣች። በ1928 ዓ.ም. የሌቃ ነቀምቴው ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር ያሉበት የ33 መሪዎች ስብስብ፣ ምዕራቡ በመንግሥታቱ ማኅበር ሥር በእንግሊዝ ሞግዚትነት እንዲጠበቅ ጎሬ ላለው የእንግሊዝ ቆንስል ያመለከተው ይህ ሁሉ ከደረሰ በኋላ ነው።

ይህን ክህደት የሚሉት አሉ። ነገር ግን መሪዎቹ የለመኑት የጣሊያንን አገዛዝ አልነበረም። በዚያው ዓመት ሰኔም ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣት መኮንኖችና ጓዶቻቸው የጣሊያን አውሮፕላኖችን አቃጥለው ጄኔራል ማሊዮኮን ገድለዋል። ምዕራቡ ለፋሺስት የተከፈተ በር አልነበረም። ሌሎች ደግሞ ጎሬን የጣላት የመሣሪያ ብልጫ ብቻ ነው ይላሉ። የመሣሪያው ብልጫ ከተሞቹን ማስለቀቁ አይቀርም ነበር፤ ትግሉን ግን አያስቆምም ነበር። ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ ላይ እጅ ሲሰጡ፣ የሸዋና የጎጃም አርበኞች ግን ያለ ግምጃ ቤት እስከ ነፃነት ታግለዋል፤ ገበሬው አብልቷቸዋል፣ ደብቋቸዋል። ጎሬ ያጣችው ይህን ድጋፍ ነበር።

ዛሬም የኑሮ ውድነት በበረታበት ጊዜ ግብር የሚጠይቅ አስተዳደር፣ ነቀምቴም ይሁን አዲስ አበባ፣ ከዚህ ይማር። ግብሩ የት እንደዋለ በግልጽ ያስረዳ፤ የአካባቢውን ሕዝብ በውሳኔው ያሳትፍ። ይህን ደግ ቀን ሳለ ያላደረገ መንግሥት በክፉ ቀን የሚቆምለት አያገኝም።