ኦም ማዕረግ አይደለም

የአክስቴ ልጅ አንድ ምሽት ደወለልኝ። ድምፁ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ድምፅ ይመስላል። “ሄድፎኑ መጣ” አለኝ። “ታዲያ ምነው?” ስለው፣ “ተበልቻለሁ መሰለኝ” አለ።

ልጁ መኝታ ቤቱ ውስጥ አንድ ላፕቶፕና አንዲት ትንሽ ሳውንድ ካርድ ይዞ ለጓደኞቹ ሙዚቃ ያቀናብራል። ለዚህ ሄድፎን ሰባት ወር ቆጥቧል። ከዋሽንግተን የመጣች ዘመድ በሻንጣዋ ይዛለት የገባችው ደግሞ እንዲሁ ሄድፎን አይደለም፤ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ፣ ባለ 250 ኦሙ ነው። ባለ 32 እና ባለ 80 ኦምም ነበረ። እሱ 250ውን መረጠ። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ “ትልቁ ነዋ!”

ሞባይሉ ላይ ሰካው። ገና ያላለቀ የራሱን ሥራ ከፈተ። ቮሊዩሙን ጫፍ አደረሰው። ሙዚቃው ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ይመስላል። መካሪዎቹን ጠየቀ። መካሪዎቹም በአንድ ድምፅ “አምፕሊፋየር ግዛ!” አሉት። የአምፕሊፋየሩ ዋጋ ከሄድፎኑ ብዙም አይተናነስም። ልጁ በሚቀጥለው ወር የሚደርሰውን እቁብ ለዚሁ ሊያውለው ቆርጧል።

በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ! የተባለው ለእንዲህ ያለው መካሪ ነው።

እኔ በበኩሌ ከአምፕሊፋየር ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከአንድ እምነት ጋር ነው። ከፍተኛ ኦም ያለው ሄድፎን የ“አዋቂ”፣ ዝቅተኛው የ“ጀማሪ” ነው፤ ከፍተኛውን የገዛ ደግሞ አምፕሊፋየር ካልጨመረበት ሙዚቃ ሰማሁ እንዳይል የሚል እምነት። ይህ እምነት ወጣቱን ሁለት ጊዜ ያስከፍለዋል። መጀመሪያ የማያስፈልገውን ሄድፎን ይገዛል፤ ቀጥሎ የገዛው ሄድፎን የሚፈልገውን ዕቃ ይገዛል።

*

ኦም ምንድነው? የጥራት ነጥብ አይደለም። አንድ ዕቃ የኤሌክትሪክን ፍሰት ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚናገር ቁጥር ነው፤ በቃ።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የኖረ ሰው ይህ ነገር ያለ ፊዚክስ መምህር ይገባዋል። ውኃ አራተኛ ፎቅ እንዲደርስ ግፊት ያስፈልጋል። ግፊቱ ሲደክም ምድር ላይ ያለው ልብሱን ያጥባል፤ አራተኛ ፎቅ ያለው ባልዲውን ደቅኖ ይጠብቃል። ባለ 250 ኦሙ ሄድፎን አራተኛ ፎቅ ነው። ቮልቴጅ ግፊቱ ነው። አምፕሊፋየር ፓምፑ ነው። ታዲያ አራተኛ ፎቅ የደረሰ ውኃ ከምድር ቤቱ ውኃ ይጣፍጣል ያለው ማን ነው?

“እንዲያ ከሆነ ለምን ይሠሩታል?” ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከፍተኛ ኦም የመጣው ከድሮው ስቱዲዮና ሬዲዮ ጣቢያ ነው። እዚያ ያሉት መሣሪያዎች በቂ ቮልቴጅ ነበራቸው፤ ከአንድ መውጫ ላይ ብዙ ሄድፎን ይቀጠላል፤ የእያንዳንዱ ኦም ከፍ ሲል ደግሞ በመሣሪያው ላይ የሚወድቀው ጭነት ይቀላል። ባለ 600 ኦም ሄድፎን የዚያ ዓለም ልጅ ነው። ሌላው ምክንያት ሽቦው ነው። ሄድፎኑ ውስጥ ድምፅ የምታወጣዋን ስስ ሽፋን የሚያንቀሳቅሰው ጥቅል ሽቦ በቀጠነና በተደጋጋሚ በተጠመጠመ ቁጥር ኦሙ ይጨምራል። ቀጭን ሽቦ ጥቅሉን ቀለል ሊያደርገው ይችላል፤ ይህም በተወሰነ ደረጃ ይጠቅማል። አልክድም። ነገር ግን በጆሯችሁ የምትሰሙት ድምፅ ከሽቦው ውፍረት ይልቅ በሄድፎኑ አጠቃላይ አሠራር፣ በጆሮ ትራሱና በቅርጹ ይወሰናል።

መካሪዎቹ የማይነግሯችሁ ሌላም ነገር አለ። ቤየርዳይናሚክ ትናንት የተፈጠረ ኩባንያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 በርሊን ውስጥ ተመሥርቶ በ1937 ዲቲ 48 የተባለውን ሄድፎን ያወጣ አንጋፋ ነው። ይኸው አንጋፋ በ2021 ለስቱዲዮ ባለሙያ ያወጣቸው ዲቲ 700 ፕሮ ኤክስ እና ዲቲ 900 ፕሮ ኤክስ ስንት ኦም ናቸው? 48። ባለ 250 ኦም የነበረው ውዱ ዲቲ 1990 ፕሮስ በ2024 ታድሶ ሲወጣ ስንት ሆነ? 30! አምራቹ ራሱ ከአራተኛ ፎቅ ወርዶ ምድር ቤት ገብቷል። የኛ መካሪዎች ግን አሁንም ደረጃ ያስወጡናል።

*

አሁን ወደ ሒሳብ እንሂድ። አትፍሩ፤ ማባዛትና ማካፈል ነው።

የዲቲ 770 ፕሮ አምራች ሄድፎኑ 1 ሚሊዋት ኃይል ሲያገኝ 96 ዴሲቤል ድምፅ ይሰጣል ይላል። ኃይል ማለት ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ለኦሙ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ኃይሉ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ 3 ዴሲቤል ከፍ ይላል። እንግዲህ 1 ቮልት የሚያወጣ መሣሪያ ላይ ባለ 250 ኦሙን ብትሰኩት 4 ሚሊዋት ያገኛል። ሁለቴ እጥፍ ማለት ነው፤ ስለዚህ ጣሪያው 102 ዴሲቤል ይሆናል። ባለ 80 ኦሙ በዚያው መሣሪያ 107፣ ባለ 32 ኦሙ 111 ገደማ ይደርሳል። መሣሪያው ግማሽ ቮልት ብቻ ካለው ከሁሉም ላይ 6 ቀንሱ።

102 ዴሲቤል ጣሪያው ነው። የዘመኑ ተጠቅጥቆ የተሠራ ዘፈን አማካይ ድምፁ ከጣሪያው በ10 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ ይላል ብንል፣ 92 ላይ እናርፋለን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ጆሮ ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ቁጠሩት፡- 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10፣ 89 ላይ 5፣ 92 ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል። በቀን አይደለም፣ በሳምንት!

ልብ በሉ፤ ይህ ያለ አምፕሊፋየር ነው። “አይነዳም” በሚባለው ባለ 250 ኦም ሄድፎን፣ በ1 ቮልት ብቻ፣ በጣሪያው ብታዳምጡ የሳምንት ድርሻችሁን በአንድ የፊልም ርዝመት ትጨርሳላችሁ። በዚህ ላይ አሥር እጥፍ ኃይል ጨምር ብሎ የሚመክር ሰው ቢያንስ ስለ ጆሮ አንዲት ቃል መተንፈስ አልነበረበትም? ጆሮ እንደሆነ ከዋሽንግተን በሻንጣ አይመጣም።

ታዲያ የአክስቴ ልጅ ለምን አልሰማ አለው? ሁለት ምክንያት ነበረው፤ ሁለቱም ከኦም አምልኮ ጋር አይገናኙም። አንደኛ፣ ሞባይሉ ደካማ ነው፤ ግማሽ ቮልት አካባቢ ያወጣል ብንል ጣሪያው 96 ላይ ይቀራል። ሁለተኛ፣ የከፈተው ያላለቀ ሥራ ነው። ማስተር ያልተደረገ ሙዚቃ አማካይ ድምፁ ከጣሪያው 20 ዴሲቤል ዝቅ ቢል አይገርምም። 96 ሲቀነስ 20፣ 76። ሞባይሉ ደክሟል፣ ፋይሉም ዝቅ ብሏል። ሄድፎኑ ምን አጠፋ?

*

“የለም፣ እኔ አምፕሊፋየር ላይ ሰክቼው ልዩነቱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ” የሚል አይጠፋም። አምንሃለሁ ወንድሜ። ግን የሰማኸው ምንድነው? የሰው ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለውን ድምፅ “የተሻለ” ብሎ ነው የሚተረጉመው። ባሱ የሞላ፣ ዘፋኙ የቀረበ ይመስለዋል። ሁለቱን መሣሪያዎች እኩል ድምፅ ላይ አድርገህ፣ የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ሳታይ አወዳድረህ ታውቃለህ? ካላወቅህ ያወዳደርከው ቮሊዩምን ነው።

ሌላም ማስረጃ ልጨምር። ሃይፋይማን ኤችኢ 6 የሚባል ሄድፎን ነበር። ኦሙ 50 ብቻ ነው። በመካሪዎቻችን ሕግ ከሄድን ሞባይል ላይ መዘመር ነበረበት። ነገር ግን በ1 ሚሊዋት የሚያወጣው 83.5 ዴሲቤል ብቻ ነው። ባለ 250 ኦሙ ዲቲ 770 በ4 ሚሊዋት የሚደርስበት 102 ላይ ለመድረስ 71 ሚሊዋት ገደማ ይፈልጋል፤ ኃይሉ 18 እጥፍ፣ ቮልቴጁም እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። እንግዲህ ኦሙ አንድ አምስተኛ የሆነው ሄድፎን በጣም የሚጠማው ሆኖ አረፈው። ለምን ቢባል፣ ኦም ብቻውን ምንም አይናገርም። ከጎኑ የሚጻፈውን ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም ባገኘው ኃይል ምን ያህል ድምፅ እንደሚያወጣ የሚናገረውን ቁጥር ካላነበባችሁ ካርቶኑን ግማሽ ነው ያነበባችሁት።

*

ለፍትሕ ሲባል ተቃራኒውንም ወገን ልንካው። “አምፕሊፋየር የሚባለው ሁሉ ማጭበርበሪያ ነው” የሚሉም አሉ። ይህም ስንፍና ነው። ሄድፎናችሁ ከፍተኛ ኦም ያለው ከሆነ፣ መሣሪያችሁ ግማሽ ቮልት ብቻ ካለው፣ የምትሰሙት ደግሞ ዝቅ ብሎ የተቀዳ ነገር ከሆነ (በገናን፣ ኦርኬስትራን፣ ያላለቀ የራሳችሁን ሥራ አስቡ) ቮልት ይጎድላችኋል፤ ፓምፕ ያስፈልጋችኋል። በተቃራኒው ደግሞ ዝቅተኛ ኦም ያለውን ሄድፎን ራሱ ከፍተኛ ኦም ባለው መውጫ ላይ ብትሰኩት ባሱ ሊያብጥ፣ የድምፁ ሚዛን ሊዛባ ይችላል። የመውጫው ኦም ከሄድፎኑ አንድ ስምንተኛ ባይበልጥ ይመረጣል የሚባለው ለዚህ ነው።

ግን ፓምፕ ፍለጋ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ቤታችሁን ፈትሹ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 7ን ያለ ጃክ ካወጣ ወዲህ የምናውቃት ያቺ ጭራ የምታክል አዳፕተር፣ የዩኤስቢ ሲ ዓይነቷ፣ 1 ቮልት ገደማ ታወጣለች፤ ለአውሮፓ የምትሸጠዋ ግን ግማሹን ናት፤ አንዳንድ አንድሮይድ ሞባይል ላይም ድምጿ ዝቅ ይላል። ከ2021 ወዲህ የወጡት ባለ 14 እና ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮዎች የተሰካውን ሄድፎን ኦም ለክተው፣ ከፍተኛ ከሆነ እስከ 3 ቮልት ይሰጣሉ። ሳሎን ውስጥ አቧራ የጠጣ የአባታችሁ አምፕሊፋየር ካለ ደግሞ ትልቁን የሄድፎን ቀዳዳ ፈልጉ። ያ ጃክ ብዙውን ጊዜ ቮልቱ የተትረፈረፈ፣ የራሱ ኦም ከፍ ያለ ነው፤ ለባለ 250 ኦም ሄድፎን የተሠራ ያህል ይስማማዋል።

ገና ያልገዛችሁ ደግሞ ነገሩ ይቀላችኋል። ታክሲ ውስጥ በሞባይል የምትሰሙ ከሆነ ባለ 32 ኦሙን ያዙ። አንዴ ሞባይል፣ አንዴ ሳውንድ ካርድ ላይ የምትሰኩ ከሆነ ባለ 80 ኦሙ ሁለቱንም ያስማማል። ባለ 250 ኦሙ በቂ ቮልት ያለው መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ ተተክሎ ለሚጠብቀው ሰው ነው። ይህ የማዕረግ ቅደም ተከተል አይደለም፤ የአድራሻ ጉዳይ ነው።

*

“ለአንድ ሄድፎን ይህን ያህል ምን አንገበገበህ?” የምትሉኝ ካላችሁ መልሴ አጭር ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ምን እንደደረሰ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ደመወዝ የሌለው ልጅ አንድ ጊዜ ሲሳሳት የሚከፍለው ወራት ነው። ሀብታሙ ኦም ቢሳሳት መሳቢያው ውስጥ ይወረውረዋል። መኝታ ቤቱን ስቱዲዮ ያደረገው ልጅ ሲሳሳት ግን ማይክራፎኑ ይቀራል፣ የድምፃዊዋ የመቅጃ ቀን ይዘገያል፣ ዘፈኑ ሃርድ ዲስክ ላይ ያረጃል።

ያን ምሽት የአክስቴን ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት። “ሳውንድ ካርድህ ላይ ሰክተኸዋል?” ዝም አለ። ማይክራፎን ለመቅዳት ብቻ የሚጠቀምባት ያቺ ሳጥን ፊት ለፊቷ ላይ የሄድፎን ቀዳዳ አላት። ስልኩን ሳይዘጋ ሰካው። ትንሽ ቆየና “እንዴ!” አለ። ከዚያ ሙዚቃው በስልኩ ውስጥ እኔ ድረስ መጣ። “ቀንስ፣ ጆሮህን!” ብዬ ጮህኩበት፤ አልሰማኝም።

እቁቡ ለማይክራፎን ዋለ።

እናንተ መካሪዎች ሆይ! በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ልጅ “ባለ 250 ኦም ገዝቻለሁ፣ ምን ልጨምር?” ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ የአምፕሊፋየር ስም ከመደርደራችሁ በፊት “በምን ላይ ነው የምትሰካው? ምንስ ነው የምትሰማው?” በሉት። ይህን ለመጠየቅ ካልቻላችሁ ግን እባካችሁ አሞሌውን ይዛችሁ ኑ።