ከገና ሜዳ ወደ ጦር ሜዳ

በየካቲት 1933 ዓ.ም. ዳንግላ መሽጎ የቆየው የጣልያኑ የኮሎኔል ቶሬሊ ጦር ምሽጉን ለቅቆ ወደ ባሕር ዳር አፈገፈገ። በዚያ አገር ጣልያንን ለዓመታት እንቅልፍ ሲነሱት ከኖሩት መካከል የደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ አርበኞች ይገኙበታል። አብዛኞቹ ገበሬዎችና የገበሬ ልጆች ናቸው። ስንቃቸው ከየጓዳቸው፣ ጠመንጃቸውም ብዙ ጊዜ ከጠላት የተማረከ ነበር። ይህን ያህሉን ተጽፎ እናገኘዋለን። ጦርነቱ ሳይመጣባቸው በፊት ግን ምን ይጫወቱ ነበር? ማን ገና መቺ፣ ማን ፈረሰኛ፣ ከጣና ዳር ልጆችስ ማን ዋናተኛና ታንኳ ቀዛፊ ነበር?

አብረዋቸው ስለዘመቱት እንግሊዞች ይህንኑ ብንጠይቅ መልሱ ከመደርደሪያ ይወርዳል። የሱዳን ወታደሮችን እየመራ ጎጃም የገባው ሂዩ ቡስቴድ እ.ኤ.አ. በ1920 በአንትወርፕ ኦሊምፒክ የእንግሊዝ የዘመናዊ ፔንታትሎን ቡድን አምበል ነበር። ሩጫ፣ ዋና፣ ፈረስ ግልቢያ፣ ተኩስና የሻምላ ግጥሚያ በአንድ ሰው የሚፈተኑበት ስፖርት ነው። ጎጃም ከመግባቱ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎም ኤቨረስትን ለመውጣት ከሞከረው የእንግሊዝ ቡድን አባላት አንዱ ነበር።

ዊልፍሬድ ቴሲጀር ደግሞ እዚሁ አገራችን የተወለደ ነው። አባቱ የእንግሊዝ መልእክተኛ ስለነበሩ ግንቦት 1902 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ሌጋሲዮኑ ግቢ ውስጥ ተወለደ፤ ገና በልጅነቱ ከሰገሌ ጦርነት ድል አድርጎ የተመለሰውን ሠራዊት ሰልፍ አይቷል። ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቦክስ ተጋጥሟል፣ የቡድኑ አምበልም ሆኗል። አጎቱ ሎርድ ቼምስፎርድ የዚያው ዩኒቨርሲቲ የክሪኬት አምበል ነበሩ፤ በኋላ የሕንድ እንደራሴ ሆነዋል። ይህ ቦክሰኛ በጎጃም ከአርበኞች ጋር ዘመተ፤ ግንቦት 1933 ዓ.ም. ከዓባይ ማዶ አጅባር ላይ 2,500 ያህል የጣልያን ጦር ወታደር ለተማረከበት ዘመቻም ከፍ ያለ ሜዳልያ ተሸለመ። ሁለቱም አማተር ስፖርተኞች ነበሩ፤ ሁለቱም ታሪካቸውን ራሳቸው ጽፈው ትተዋል። አልነቅፋቸውም፤ ደግ አደረጉ።

የእኛዎቹም አማተሮች ነበሩ። ሲጫወቱም ሲዋጉም ማንም አልከፈላቸውም።

ገናን እንውሰድ። በታኅሣሥ እህሉ ከማሳ ሲነሳ ሜዳው ይለቀቃል፤ ያኔ መንደር ከመንደር ይገጥማል። በቆልማማ ዱላ ሩሯን እየመቱ ከባላጋራ ወሰን ማሳለፍ ነው። የሜዳው ስፋት ልክ የለውም፣ የተጫዋቹም ቁጥር እንዲሁ። በዕለቱ ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፋል፤ ቅልጥሙን የተመታም ቂም አይዝም። ረጅም ሩጫ፣ ሳይነጋገሩ መግባባት፣ ዱላ እያዩ አለመሸሽ፣ ከፊት የሚመራውን እየተከተሉ በድንገት ተበትኖ በድንገት መሰብሰብ፤ ይህ ሁሉ እዚያ ሜዳ ላይ ይለመዳል። ክሪኬት እንግሊዝን ትዕግሥት አስተማረ ሲባል ደጋግሜ አንብቤያለሁ። ገና ለሸማቂ የሚሆን ልጅ አሳድጓል ብሎ የጻፈ ግን እስካሁን አላገኘሁም፤ እኔ ግን አሳድጓል ብዬ አምናለሁ። ጉግስም እንዲሁ ነው። እየጋለቡ ጋሻን ወደ ጀርባ አዙሮ ከኋላ የሚወረወረውን መመከት የለመደ ሰው ጥይት ሲጮህበት ከኮርቻው አይወርድም።

ይህን የጨዋታና የዘመቻ ዝምድና በሚገባ የያዙት የአዊ ሰዎች ናቸው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር የዓድዋ ዘማቾችን ከነፈረሶቻቸው ያስታውሳል። ጨዋታውና ዘመቻው አንድ ላይ ይታወሳሉ። ደግሞም እንጅባራ በ1933 ዓ.ም. እነ ቡስቴድ የነበሩበት የጌዴዎን ጦርና አርበኞች ወደ ቡሬ ሲገሰግሱ ያለፉበት አገር ነው። ለገና ተጫዋቾች ግን እንዲህ ያለ መታሰቢያ የለንም፤ አርበኛውን ጠመንጃ ካነሳበት ቀን ብቻ ጀምረን እንተርከዋለን። ከዚያ በፊት የሳቀበት፣ የተፎካከረበት፣ በጓደኞቹ ፊት የተሞገሰበት ዕድሜው ተቆርጦ ቀርቷል። ይህ በደል ነው።

በ1933 ዓ.ም. አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ዘጠናን ተሻግሯል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የስፖርት መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ዘጌ፣ ወደ ዳንግላ፣ ወደ ቡሬ ቢልኩ ጊዜው ገና አላለፈም፤ ጥቂት ቢዘገዩ ግን ያልፋል። እናንተም ለገና አገር ቤት ስትገቡ ስልካችሁን አውጡና የአያታችሁን ድምፅ ቅዱ። አባታቸው የትኛው ሜዳ ላይ ይጫወቱ እንደነበር፣ መንደሩ ከየትኛው መንደር ይገጥም እንደነበር፣ ከቡድኑ እነማን ዘምተው እነማን እንደተመለሱ ጠይቁ። የሰዎቹን ስምና የሜዳውን ስም ጻፉ።