ዝናብ ቤት ሲያውለን

 

ክረምቱ ገብቷል። በኮልፌ ቀራንዮ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኗል። አጣና ተራ ያለው አጣና ሸራ ለብሷል። በአየር ጤና፣ በቤቴልና በዓለም ባንክ ሰፈር ሰው ቆርቆሮ ሥር ተጠግቶ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው ገበሬም መሬቱ ሲረሰርስበት በሬዎቹን ፈትቶ ቤቱ ይገባል።

እንዲህ ባለ ቀን ባልም ሚስትም ቤት ይውላሉ። ቤቱ ጠባብ ነው። ጣሪያው ያፈሳል። ጢሱ ዓይን ያቃጥላል። ልጅ ያለቅሳል። በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው ደግሞ ዝናብ ከዋለ የዕለት ገቢ የለውም። እጅ ሲያጥር ምላስ ይረዝማል። ባል ተነስቶ ወደ ጠላ ቤት ይሄዳል። ሚስት ከነሥራዋ ብቻዋን ትቀራለች። ማታ ሲገናኙ ጠብ ነው።

እኛ የምንለው ግን ሌላ ነው። ዝናብ ቤት ያዋለን ቀን የባከነ ቀን አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ሲሯሯጡ የማይተያዩ ባልና ሚስት፣ ያለ ብዙ ወጪ አብረው የሚጫወቱበት ቀን ሊሆን ይችላል። ምን እንጫወት? ጨዋታው እንዲጥምስ ምን መቅደም አለበት? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

የእኛ ክረምትና የሌላው ክረምት

አዲስ አበባ ላይ በዓመት ከሚዘንበው ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የሚበረታውም በሐምሌና በነሐሴ ነው። እርጥብ ነፋስ ከምዕራብና ከደቡብ ይመጣል። በምዕራብ በኩል የወጨጫ ተራራ አለ። በሰሜን በኩል እንጦጦ አለ። ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋሉ። ነፋሱ ከፍ ወዳለ መሬት ሲደርስ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ የያዘው እርጥበት ደመና ይሆናል፤ ይዘንባል።

በሌላ አገር ቤት የሚያውለው በረዶ ነው። በካናዳና በኖርዌይ በረዶው እየተቆለለ በር ይዘጋል፤ መኪና ይቀብራል። እዚያ ክረምት የሚሆነው በእኛ በጋ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ በረዶ አንዳንድ ጊዜ የሚታየው በሰሜን ተራሮች ላይ ነው። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ እዚያ ጫፍ ላይ ነጭ በረዶ ይወርዳል። ወደ ብርድ አገር የሄዱ ወገኖቻችንም በረዶ ሲዘጋባቸው ቡና አፍልተው ይጫወታሉ። የእኛ ዝናብም የእነሱም በረዶ ሥራው አንድ ነው። ሰውን ከሰው ጋር አንድ ቤት ይከተዋል። የቀረው የሰዎቹ ፈንታ ነው።

መጀመሪያ ሥራው

ከምናስተምራቸው ሰዎች መካከል አንድ ባልና ሚስት አሉ። ስማቸውን አንጠራም። እሱ አጣና ይሸከማል። እሷ መንገድ ዳር በቆሎ ትጠብሳለች። ዝናብ ሲጥል የሁለቱም ሥራ ይቆማል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አልለቅ አለ። ሰውየው የእንቁላል መያዣ ካርቶን ፈለገና አሥራ ሁለት ጉድጓድ ያለው አድርጎ ቆረጠው። ባቄላ ቆጠረ። ከዚያ ሚስቱን፣ "ነይ ገበጣ እንጫወት" አላት።

እሷ ልጅ አዝላ ድንች ትልጣለች። ሽሮው እሳት ላይ ነው። ከጣሪያ የሚንጠባጠበውን ውኃ የሚቀበለው ጣሳ ሞልቷል። ቀና ብላ አየችውና፣ "ያንተ እጅ ባዶ ነው፤ የኔ ሞልቷል። በየትኛው እጄ ልጫወት?" አለችው።

ሰውየው ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ልጁን ከጀርባዋ ተቀበለ። ጣሳውን ደፋ። ቢላዋውንም ወስዶ የቀረውን ድንች ላጠ። ልጣጩን እንዲያው አወፍሮት፣ ድንቹ የሽምብራ ያህል ቀረ። እሷም ሳቀች። ሽሮው ሲወርድ ሁለቱም እጃቸው ባዶ ሆነ። ያን ጊዜ ተቀመጡ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ልብ በሉ። አንዱ እየሠራ ሌላው ቢጫወት፣ ያ የሁለት ሰው ጨዋታ አይባልም። በክረምት የቤት ሥራ ይበዛል እንጂ አያንስም። ልብስ አይደርቅም። እንጨቱ እርጥብ ነው። ጭቃው ቤት ይገባል። ይህ ሁሉ በሚስት ጫንቃ ላይ ከወደቀ፣ ጨዋታ ቢያቀርቡላት ሌላ ሸክም ይሆንባታል። አባቶቻችን "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ያሉት ለዚህ ነው። ሥራው ለሁለት ሲከፈል ጊዜው ለሁለት ይተርፋል።

ገበጣ

ገበጣ የቆየ ጨዋታችን ነው። ከእንጨት ይጠረባል፤ መሬት ላይም ይቆፈራል። ካርቶንም ይሆናል። የኢትዮጵያን ታሪክ ሲያጠኑ የኖሩት ምሁር ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ገበጣ አጥንተው በ1971 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽሑፍ አውጥተዋል። አጫዋወቱ ከአገር አገር ይለያያል። ሁለት ረድፍ ያለው አለ፤ ሦስት ረድፍ ያለውም አለ። ከእኛ ውጭም በጋና፣ በታንዛኒያና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የዚህ ዓይነት ጨዋታ አለ።

ባለ ሁለት ረድፉን እንውሰድ። በእያንዳንዱ ረድፍ 6 ጉድጓድ አለ። ሁለቱ ረድፍ 12 ጉድጓድ ይሆናል። በየጉድጓዱ 4 ፍሬ ብናደርግ፣ 12 ጊዜ 4 ይሆናል 48። ስለዚህ 48 ባቄላ ወይም 48 ጠጠር ያስፈልጋል። ተጫዋቹ ከአንድ ጉድጓድ ፍሬውን ሁሉ ያነሳል። በሚቀጥሉት ጉድጓዶች አንድ አንድ እየጣለ ይሄዳል። የመጨረሻዋ ፍሬ የት እንደምትወድቅ አስቀድሞ ያሰላ ሰው ያሸንፋል። እንግዲህ ገበጣ የሒሳብ ትምህርትም ነው።

የነገርናችሁ ባልና ሚስት ገና ሲጀምሩ ተከራከሩ። እሱ ከወሊሶ ነው፤ እሷ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ነች። "በእኛ አገር እንዲህ ነው" አለ። "በእኛ ደግሞ እንዲህ ነው" አለች። በኋላ ተስማሙ። መጀመሪያ በእሱ ደንብ፣ ቀጥሎ በእሷ ደንብ ተጫወቱ። በሁለቱም ያሸነፈችው እሷ ናት። እሱ ግን አልተቆጣም፤ "ነገ አሳይሻለሁ" አለ እንጂ።

እንደ ኮልፌ ባለ፣ ሰው ከየአገሩ መጥቶ በሚኖርበት ሰፈር ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። ደንቡን ቀድሞ መስማማት። ተራ በተራ የአንዱን መቀበል። በገበጣ የሚሠራው በኑሮም ይሠራል።

እንቆቅልሽ

መብራት ቢጠፋ እንቆቅልሽ አለ። ለዚህ ባቄላም ካርቶንም አያስፈልግም። ባል "እንቆቅልሽ" ይላል፤ ሚስት "ምን አውቅልህ" ትላለች። እሷ "እንቆቅልህ" ስትል እሱ "ምን አውቅልሽ" ይላል። ያላወቀ አገር ይሰጣል። አገር የተሰጠውም እዚያ ገብቶ ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ እያወራ የተሸነፈውን ያበሽቀዋል።

ልጆች ከሰሙ ይወዱታል። አዲስ እንቆቅልሽ መፍጠር ደግሞ ይበልጥ ያስቃል። እኛ ሦስት ፈጥረናል፤ ሞክሯቸው።

1. አሥራ ሁለት አፍ አለው፤ አንድ ቃል አይናገርም።

2. ጣሪያ ላይ ይጨፍራል፤ ሳይጠሩት ቤት ይገባል።

3. እግር የለው አገር ያቋርጣል፤ አፍ የለው ወሬ ያደርሳል።

መልሱ ከጽሑፉ መጨረሻ አለ። ቀድማችሁ አትዩ!

ቡናና ከሰል

ዝናብና ቡና ይስማማሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ድረስ ብዙ ወግ ይወጋል። ባልም ቡና ቢወቅጥ ነውር የለበትም። ቡና ባይኖርስ? ሽምብራ ወይም ገብስ ይቆላ። ቆሎ እያነሱ የልጅነት ወሬ ማውራት ትልቅ ጨዋታ ነው። "ልጅ ሳለሽ ምን ትፈሪ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። አብረው ብዙ ዘመን ኖረው ይህን ያልተጠያየቁ ብዙ ናቸው።

ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየር ያወጣል። ይህ አየር ሽታ የለውም። ቀለም የለውም። ስለዚህ አይታወቅም። በሩና መስኮቱ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከተጠራቀመ ሰው ይገድላል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ነው። እንግዲህ ብርድ ነው ብላችሁ ቤቱን አትዝጉ። ከሰል ሲነድ በር ወይም መስኮት ይከፈት። ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን ከነፍሙ ወደ ውጭ አውጡ። ራሱን ያዞረው ሰው ካለ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፤ ወደ ጤና ጣቢያም ውሰዱት።

አብሮ ማንበብና መጻፍ

አሁን ማንበብ ችላችኋል። ይህም ጨዋታ ይሆናል። አንዱ አንድ ገጽ ያነባል፤ ሌላው ያዳምጣል። ከዚያ ያዳመጠው የሰማውን በራሱ ቃል ይናገራል። በማግስቱ ተራው ይለወጣል። አንዱ ፈጣን፣ ሌላው ቀርፋፋ አንባቢ ቢሆን ፈጣኑ አይሳቅ፤ አይንጠቅም። ዝናቡ አይቸኩልም፤ እናንተም አትቸኩሉ።

እስቲ እናስላው። ሐምሌ 30 ቀን ነው። ነሐሴ 30 ቀን ነው። ጳጉሜ 5 ቀን ነው፤ በየአራት ዓመቱ 6 ይሆናል። 30 ሲደመር 30፣ ሲደመር 5 ይሆናል 65። በየማታው አንድ ገጽ የሚያነቡ ባልና ሚስት እንቁጣጣሽ ሲደርስ 65 ገጽ ጨርሰዋል ማለት ነው። ይህ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ነው።

መጻፍም አለ። በትምህርት ቤታችን፣ "ቤታችሁ ላለ ሰው አንድ መስመር ጻፉ" ብለን የቤት ሥራ ሰጥተን ነበር። ያቺ በቆሎ የምትጠብሰው ሴት ለባሏ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ድንች የላጥክ ቀን ደስ አለኝ።"

ወረቀቱን ያሳየን ባልየው ነው። ፊደሉን አንድ በአንድ እያየ ነበር ያነበበው። "የላጥክ" የምትለው ቃል ላይ ቆመ። እንደገና ከላይ ጀመረ። ሲጨርስ አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። አብረው ሲኖሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። እንዲህ ያለ ቃል ግን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ብዙዎቻችን በአፍ ለማለት እናፍራለን። በወረቀት ግን ይቀላል። ሌላ ሰው አንብቦልን ቢሆን ኖሮ አይጻፍም ነበር። ሁለቱም ፊደል ስለቆጠሩ፣ ቃሉ ከእሷ ወጥቶ ማንም ሳይሰማው እሱ ዘንድ ደረሰ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ዝናቡን ማስቆም አንችልም። ደግሞም ለእህሉ ያስፈልገናል። የምንችለው ሥራውን ተካፍለን፣ ጊዜውን አብረን መጫወት ነው።

የሳምንቱ መልመጃ

ሀ. በቤታችሁ ዝናብ ሲጥል የሚሠራውን ሥራ ሁሉ በመስመር በመስመር ጻፉ። ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ የሚሠራውን ሰው ስም ጻፉ። ከዚያ ማን ስንት ሥራ እንደያዘ ቁጠሩ።

ለ. ባለ ሦስት ረድፍ ገበጣ 18 ጉድጓድ አለው። በየጉድጓዱ 3 ፍሬ ቢደረግ ስንት ፍሬ ያስፈልጋል?

ሐ. ለባላችሁ ወይም ለሚስታችሁ አንድ መስመር ጻፉ። ለአስተማሪ ማሳየት ግዴታ አይደለም።

የእንቆቅልሾቹ መልስ፦ 1. ገበጣ። 2. ዝናብ። 3. ደብዳቤ።