ጉርድ ፎቶው የማን ነው?

አማርኛችን «ገመና» የሚል ቃል አለው። ገመና ወንጀል አይደለም፤ ነውርም ብቻ አይደለም። ሰው በቤቱ ይዞት የሚኖረው፣ ለወዳጁ እንጂ ለአደባባይ የማያወጣው ነገር ሁሉ ነው። የአባት ዕዳ፣ የልጅ ሕመም፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ በመሶብ ውስጥ ያለውና የሌለው እንጀራ... ይህ ሁሉ ገመና ነው። ወላጆቻችን «ገመናችንን ሸፍንልን» ብለው ይጸልያሉ እንጂ «የግል ዳታ ጥበቃ» ሲሉ አልሰማናቸውም። ነገሩ ግን ያው ነው። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ላነሣው የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው፦ ገመናችን ከቤት ወጥቶ በቅጽ ላይ ሲሰፍር፣ ከቅጽም አልፎ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ጠባቂው ማን ነው?

ጥያቄው የሥራ ፈት ጨዋታ እንዳይመስል አንድ የቅርብ ጊዜ ታሪክ እናስታውስ። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሂሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ባንኩ ያለአግባብ ወጣ ያለው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። አብዛኛው ተመለሰ። ባንኩ አልመለሱም ያላቸውን ሰዎች ግን ስማቸውንና የሂሳብ ቁጥራቸውን ይፋ አደረገ፤ ፎቶግራፋቸውም በቅርንጫፎች ደጃፍ ተሰቀለ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ግልጽ ላድርግ። የራስ ያልሆነን ገንዘብ ወስዶ ዝም ማለት ነውር ነው። ገንዘቡ የአስቀማጮች ነውና ባንኩ ማስመለሱ መብቱ ብቻ ሳይሆን ግዴታውም ነው። እኔም በሌላ ባንክ መስኮት ላይ ተቀምጬ የምውል ሰው ስለሆንኩ፣ የአንዲት ብር ጉድለት ማታ ምን ያህል እንቅልፍ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የእኔ ጥያቄ ስለ ገንዘቡ አይደለም፤ ስለዚያች ጉርድ ፎቶ ነው።

ሰው ሂሳብ ሊከፍት ሲመጣ ጉርድ ፎቶ የሚሰጠው ለምንድን ነው? የመስኮቱ ሠራተኛ ነገ ሲያየው «አዎን፣ ባለሂሳቡ ይህ ነው» እንዲልና ሌላ ሰው በስሙ ገንዘቡን እንዳይወስድበት ነው። ፎቶው የተሰጠው ለባለቤቱ ጥበቃ ነው። በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ መንገደኛ እንዲጠቋቆምበት የፈቀደ የለም። ይህን ለመረዳት አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ እንደማይታይ ደንግጓል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር መብት አድርጎታል።

«የፍትሐ ብሔር ሕጉ እኮ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ ይፈቅዳል» የሚል ተከራካሪ ይኖራል። እውነት ነው፤ አንቀጽ 28 ይህን ይላል። ዳሩ ግን የፍትሕ ሥራ አስገድዷል ብሎ የሚወስነው ማን ነው? ገንዘብ ጠፋብኝ የሚለው ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ፣ ራሱም ለጣፊ ሊሆን አይገባውም። ከተለጠፉት መካከል አንድ ሰው እንኳ ትናንት ከፍሎ ቢሆን፣ ወይም ስሙ ከሌላ ሰው ስም ጋር ተምታቶ ቢሆንስ? ወረቀቱ ከግድግዳው በአንድ ደቂቃ ይነሣል። በሺህ ስልኮች የተነሣው ፎቶ ግን ወዴት ይነሣል?

የሚገርመው ነገር፣ በዚያው ወር መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አጸደቀ። አዋጁ በጥቂት ቃላት ቢጠቃለል እንዲህ ይላል፦ የሰውን መረጃ ለተነገረ ዓላማ ብቻ ሰብስብ፤ ከሚያስፈልግህ በላይ አትውሰድ፤ ትክክል ካልሆነ አርም፤ ጊዜው ሲያልፍ አታቆይ፤ በእጅህ ሳለ ጠብቀው። ባለመረጃው ምን እንደተያዘበት የመጠየቅ፣ የማረምና የማሰረዝ መብት አለው። የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

በእኔ እምነት ይህ ሁሉ በአንድ ቃል ይጠቀለላል፤ አደራ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባል የለ? ባንክ በአደራ ላይ የቆመ ቤት ነው። አንድ ሰው 100 ብር ሲያስገባ ገንዘቡ ይቆጠራል፣ ይመዘገባል፣ ደረሰኝ ይሰጠዋል፣ ማታ ሒሳቡ ይዘጋል። ያው ሰው ስሙን እስከ አያቱ፣ የእናቱን ስም፣ የትውልድ ቀኑን፣ ሥራውን፣ ስልኩን፣ ፊርማውንና ፎቶውን ሲሰጥ ግን ደረሰኝ የለም። ማን አየው? ለማን ተላለፈ? መቼ ይወገዳል? ከሁለቱ አደራዎች የከበደው የትኛው ነው? ብር ቢጠፋ በብር ይተካል።

አሁን ደግሞ አደራው ከብዷል። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ፋይዳ የ10 ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ብሌንና የፊት ምስል ወስዶ ለእያንዳንዳችን ባለ12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል። ብሔራዊ ባንክም በ2017 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ጀምሮ አዲስ ሂሳብ ለመክፈት ፋይዳን ግዴታ አደረገ። የመታወቂያውን ጥቅም አልክድም። በሐሰተኛ መታወቂያ የሌላ ሰው ገንዘብ እንዳይወጣ ይረዳል፤ የቀበሌ መታወቂያ ላጣ ሰውም በር ይከፍታል። ነገር ግን የሚስጥር ቁጥር ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ጣት አይቀየርም። የማይተካ ነገር የተቀበለ ሰው ከሁሉ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት።

እኛ በከተማዋ ዙሪያ የምንኖር ሰዎች ይህን ነገር ከማንም በላይ ልናስብበት ይገባል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ተጠቃለሉ፤ አድራሻችን ተለወጠ፤ ቅጹም እንደ አዲስ ይሞላ ጀመር። የቶሎሳ ስም በቁቤ አንድ ዓይነት፣ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሌላ ዓይነት ሆኖ ሲገኝ የሚንገላታው ቶሎሳ እንጂ ጸሐፊው አይደለም። ሰበታ ውስጥ በየፋብሪካው በር ሥራ ፈላጊ የመታወቂያውን ኮፒ እያደለ ይዞራል። ሥራውን ያገኘው በአንዱ ነው፤ ኮፒው ግን በሁሉም ዘንድ ይቀራል።

ከዚያስ ወዴት ይሄዳል? አንድ ቀን ቡራዩ ከታክሲ ወርጄ ቆሎ ገዛሁ። የተጠቀለለበትን ወረቀት ስዘረጋው የአንዲት ሴት የማመልከቻ ቅጽ ነበር። ስሟ እስከ አያቷ፣ ስልኳ፣ የልጆቿ ቁጥር፣ በጥጉም የተገለበጠ ፎቶዋ። ቆሎ ሻጯ ምንም አላጠፉም፤ ወረቀት በኪሎ ገዝተው ነው። ያጠፋው፣ ያን ቅጽ «ይሙሉ» ብሎ ተቀብሎ፣ ጊዜው ሲያልፍ መቅደድ የተሳነው መሥሪያ ቤት ነው። እንግዲህ ወረቀቱን ያልጠበቀ እጅ ኮምፒውተሩን ይጠብቃል ብለን በምን እንመን?

«ድኻ አገር ናት፤ ገመና የጠገበ ሰው ወግ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ተቃራኒው ይታየኛል። ባለጸጋ ገመናው ቢወጣ ጠበቃ ያቆማል። የቀን ሠራተኛዋ ስልኳና ስሟ በአጭበርባሪ እጅ ቢገባ፣ «ከባንክ ነው የምንደውለው» የሚል ድምፅ የወር ደመወዟን በአንድ ጥሪ ይወስድባታል። ሌሎች አገሮችም ይህን የተረዱት በፍርድ ቤት ክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ብሔራዊ መታወቂያውን ቢያጸናም፣ ከባንክ ሂሳብ ጋር በግዴታ መተሳሰሩን ሻረ። በ2021 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በግል መረጃ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት አስቀድሞ ሳይመረመር የተጀመረውን የመታወቂያ ሥራ ሕገ ወጥ ነው አለ። ሁለቱም አገሮች መታወቂያን አልጠሉም፤ አደራውን ጠየቁ እንጂ።

እኛስ? የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መረጃ የሚቀበል ሁሉ፣ ባንክም ይሁን ቀበሌ፣ ፋብሪካም ይሁን የስልክ ገንዘብ ወኪል፣ ለሰጪው አንዲት ቁራጭ ደረሰኝ ይስጥ። ምን እንደወሰደ፣ ለምን እንደወሰደ፣ እስከ መቼ እንደሚያቆየው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ትጻፍ። ማንበብ ለማይችል ትነበብለት፤ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ባለባት በሰበታ ይህን ማስታወስ ከባድ አይደለም። ያልተነበበለት ሰው «ተስማምቻለሁ» ብሎ ቢፈርም ስምምነት አይባልም። ባለሥልጣኑም አዋጁን ከነጋሪት ጋዜጣ አውጥቶ ወደ መስኮቱ ያድርሰው። እኛም መታወቂያችንን ከማቀበላችን በፊት «ለምን?» ማለትን እንልመድ፤ ጥያቄው ስድብ አይደለም።

በጥቂት ስንኞች ልሰናበት።

ብሬን ስሰጥህ ቆጥረህ፣ ደረሰኝ ቆርጠህ ሰጠኸኝ፤
ስሜን ስሰጥህ ግና፣ «ቀጣይ!» ብለህ ሸኘኸኝ።
ገንዘቤን ሌባ ቢወስደው፣ ሠርቼ አገኘዋለሁ፤
አሻራዬ ቢሰረቅ ግን፣ በምንስ እተካዋለሁ?

ቸር እንሰንብት።