ሜዳ ላይ የቀረው የኮሌጅ ቀን

በግጥም ወዳጆች ጉባኤ መካከል ስለ ሩጫ ማንሣት እንግዳ መሆኑ አይጠፋኝም። ዳሩ ግን ዛሬ የምከሰው እኛኑ፣ ግጥም ወዳዶቹን ስለሆነ፣ ክሱም በራሳችን ችሎት ቢሰማ ይሻላል።

የኮሌጅ ቀንን የማያውቅ የሥነ ጽሑፍ ሰው የለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይከበር የነበረ ዓመታዊ በዓል ነው። ታምሩ ፈይሳ «ደሀው ይናገራል»ን ያሰማበት፣ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ (ገሞራው) በ1959 ዓ.ም. «በረከተ መርገም»ን ያነበበበት መድረክ ነው። ይህን በቃላችን እንወጣዋለን። ያ ቀን የስፖርትም ቀን እንደ ነበር፣ ግጥሙ የሚነበበው ተማሪዎች በሩጫና በጨዋታ በሚፎካከሩበት በዚያው በዓል እንደ ነበር የሚያነሣ ግን ስንት ሰው አለ? ባለቅኔውን አነገሥነው፤ ሯጩን ሜዳ ላይ ተውነው።

በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ሲመሠረት የአለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ፣ የምሕንድስናና የሕንፃ ኮሌጆች ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጋር በአንድ ጥላ ሥር ገቡ። ከሐረርጌ እስከ ጎንደር የተዘረጋ አንድ የተማሪ ቤተሰብ ተፈጠረ ማለት ነው። ይህ ቤተሰብ ብዙ ዕድሜ አላገኘም። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ግቢዎቹ ተዘጉና 60 ሺህ ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። ተከትሎ የመጣው ቀይ ሽብር ደግሞ ወጣቱን መንገድ ላይ ጣለው። በዚያ ሁሉ ሬሳ መካከል የአንድ በዓል ሞት ማን ይቁጠር? ያኔ አለመቁጠራችንን ይቅር እላለሁ። ዛሬም አለመቁጠራችንን ግን ይቅር አልልም።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ኑሮዬም በመሐል ሜዳ ከተማ የባንክ መስኮት ጀርባ ነው። በተማሪነቴ ዘመን ከማማ፣ ከላሎ፣ ከጌራና ከግሼ የተሰባሰብን የትምህርት ቤት ልጆች አንድ ጊዜ ተወዳድረን ነበር። አምስተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣው የግሼ ልጅ በባዶ እግሩ ነበር የሮጠው፤ መስመሩን ካለፈ በኋላም መቆሙን የረሳ ይመስል ነበር። በዓመቱ ውድድሩ ቀረ። ለምን ቀረ ብሎ የጠየቀም፣ የመለሰም አልነበረም። ያንን ልጅ ከአሥር ዓመት በኋላ በመስኮቴ በኩል አየሁት፤ እኅቱ ከዐረብ ሀገር የላከችለትን ገንዘብ ሊቀበል መጥቶ። መታወቂያውን ሳነብ አወቅሁት፤ እርሱ አላወቀኝም። አንደኛ የወጣ ሰው አምስተኛውን ለምን ብሎ ያስታውሳል? ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠሁት። ያጣውን ግን የትኛው ሒሳብ ላይ እንደምመዘግበው አላውቅም።

«ሰው ሁሉ ሯጭ አይሆንም» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሰው ሁሉ ባለቅኔም አይሆንም። ይሁንና መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፣ በከፍታ በቆጂን የምታስከነዳ ከተማ ናት። በቆጂ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያፈራችው በአየሯ ብቻ አይደለም፤ መምህር ስንታየሁ እሸቱ የተባሉ የስፖርት አስተማሪ ልጆችን በየዕለቱ ስላሰለጠኑ ነው። ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ፣ ከጫጫ የወጣችው ጌጤ ዋሚ በ1991 ዓ.ም. በሴቪያ የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። አየሩ አለን፤ እግሩም አለን። የጎደለን በየዓመቱ የማይቀር ቀጠሮ ነው።

«ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬም የስፖርት ፌስቲቫል አላቸው» ይባላል። አዎን፤ ጥቂት ቀን ደምቆ የሚበተን ድግስ። ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን፤ ደብረ ብርሃንም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የራሷ አላት። ነገር ግን የኮሌጁ ውድድር ከወረዳው ትምህርት ቤት ካልተያያዘ፣ የግሼው ልጅ በየት በኩል ይደርስበታል?

በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ እ.ኤ.አ. በ1915 የተመሠረተ የዩኒቨርሲቲዎች የውድድር ማኅበር ነበር። ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ እ.ኤ.አ. በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው ከዚህ ማኅበር አባል ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ሲማር ነው። ያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ከ12 አባላቱ 10ሩ የቴሌቪዥን ገንዘብ ፍለጋ ጥለውት ሄዱ። እዚያ የገንዘብ ብዛት አፈረሰ። እኛ ዘንድ የፈረሰውን ግን ያፈረሰው ድህነት ብቻ ነው ብላችሁ አታባብሉኝ፤ ንቀትም አለበት። ልጅ ሲሮጥ «ቦዘነ»፣ ሲያነብ «በረታ» የምንል ሰዎች ነን።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከባዱ ነው፤ «በጦርነት መካከል ስለ ሩጫ ታወራለህን?» የሚለው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ ክልላችን ያየውን መከራ፣ የተዘጉትንም ትምህርት ቤቶች አውቃለሁ። ስለዚህ ነው የማወራው። የማማውና የግሼው ልጅ ተሸናንፈው የሚጨባበጡበት ቦታ ከሌለ፣ መሸናነፍን ከየት ይማሩታል?

ይህ የማይሆን ምኞት እንዳይመስላችሁ፣ ቀና ብላችሁ ጓሳን እዩ። አባቶቻችን ሣሩን በቀሮ ሥርዓት ለዘመናት ጠበቁት፤ ለዓመታት ይዘጋል፣ በቀኑ ይከፈታል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈረሰ። ሕዝቡ ግን «ፈረሰ» ብሎ አልተቀመጠም፤ በአዲስ መልክ መተዳደሪያ አውጥቶ ጓሳውን አተረፈው። ለሣር የሰጠነውን ክብር ለልጆቻችን እንንፈጋቸውን?

እንግዲህ ለእኛ ለገጣሚዎቹ የማቀርበው አንድ ነገር ነው። በየከተማችን የግጥም ምሽት ስናዘጋጅ፣ ጧቱን ለትምህርት ቤት ልጆች ሩጫ እንስጥ። ከመዋጯችን የተማሪ የመኪና ኪራይ አይጠፋም። ማታ የምናነበውን ግጥም ያሸነፈው ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይስማው፤ እኛም ስሙን እንጻፍለት። እኔ ለመጀመሪያው ቀን ከደመወዜ አዋጣለሁ፤ አምስተኛ የወጣ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ያደርጋል?

ቸር እንሰንብት።