የሞተ ኮምፒዩተር ቀባሪው ማነው?

«በቤታችሁም ሆነ በቢሯችሁ አሮጌ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ያላችሁ ሁሉ አምጡ» የሚል ማስታወቂያ በግቢያችን ከተለጠፈ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ከማስታወቂያው ሥር አንድ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ተቀምጧል። መምህሩም፣ ጸሓፊዋም፣ ተማሪውም የሞተ ሞባይሉን፣ የተበጠሰ ቻርጀሩንና ያበጠ ባትሪውን እያመጣ ይጥልበታል። ነገሩ መልካም ነው፤ እኔም የበኩሌን ጥያለሁ። ነገር ግን ከጣልሁ በኋላ አንድ ጥያቄ መጣብኝ፤ ይኸውም «ከሣጥኑ ወዴት ይሄዳል?» የሚል ነው። ሣጥኑን የሚጠብቁትን ሽማግሌ ዘበኛ ጠየቅኋቸው። «መኪና መጥቶ ይወስደዋል» አሉኝ። «የማን መኪና ነው ጋሼ?» ብላቸው፥ «እሱን እንኳ አልነገሩኝም፥ ልጄ» ሲሉ መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ የጠየቅኋቸው ሁሉ ከእርሳቸው የበለጠ የሚያውቁ ሆነው አላገኘኋቸውም።

ይህ ጥያቄ የተራ ሰው ወሬ እንዳይመስላችሁ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ክፍሎች በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጡት ዘገባ መሠረት፥ ዓለም በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክ ውዳቂ ጥሏል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በደንብ ተሰብስቦ እንደ ገና ለሥራ መዋሉ በመዝገብ የታወቀው 22.3 ከመቶው ነው። በአፍሪካ ግን ይኸው ቍጥር ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ የቀረው የት ገባ ብሎ መጠየቅ የማንም ዜጋ መብት ነው።

መቼም አሮጌ ኮምፒዩተር እንደ አሮጌ ወንበር አይደለም። ወንበር ቢያረጅ ተፈልጦ ማገዶ ይሆናል። የቀድሞው ሆደ ሰፊ ሞኒተር ግን በመስተዋቱ ውስጥ ብዙ እርሳስ ይዟል፤ እርሳስም የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጣው ቀጭኑ ሞኒተር ብዙ ጊዜ በመብራቱ ውስጥ ሜርኩሪ አለበት። የሽቦው ልባስ ሲቃጠል ዳዮክሲን የሚባል ክፉ ጢስ ይወጣል። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ቢበሳ ወይም ቢጨፈለቅ በራሱ ይነዳል። ያን የመሰለውን ባትሪ ከብረትና ከሽቦ ጋራ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ማከማቸት በገዛ እጅ እሳት መጫር መሆኑን ልብ ያለ ሰው የለም።

በሌላ በኩል ይኸው ውዳቂ ሀብት ነው። ከ1 ቶን የወርቅ ማዕድን ድንጋይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጥቂት ግራም ወርቅ ሲሆን፥ በ1 ቶን አሮጌ ሞባይል ውስጥ ያለው ግን ከመቶ ግራም በላይ ነው። መዳቡም ብዙ ነው። ስለዚህም ነው ቆራሌው ፀሐይና ዝናብ ሳይል በየሰፈሩ እየጮኸ የሚዞረው። መርካቶ ምናለሽ ተራ የደረሰ ሰው እንደሚያውቀው፥ እኛ የሞተ ነው ብለን የጣልነውን እዚያ ነፍስ ይዘሩበታል። ለዚህ ጥበባቸው ምስጋና ይገባቸዋል እንጂ ወቀሳ አይገባቸውም። ክፋቱ ነፍስ ሊዘራበት ያልቻለው ዕቃ ላይ ነው። መዳቡን ለማውጣት ሽቦውን በሜዳ የሚያቃጥለው፥ ጢሱንም የሚስበው እኛን በዕድሜ የሚመስል ወጣት ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ሞተዋል። ያ አደጋ በኮምፒዩተር ምክንያት የመጣ አልነበረም፤ ሆኖም «ወዲያ ጣለው» የምንለው «ወዲያ» ሰው የሚኖርበት ስፍራ መሆኑን አስተምሮን ነበር። ትምህርቱን ረስተን «በሰው ቍስል እንጨት ስደድበት» የሚባሉት እንዳንሆን እሰጋለሁ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ የሀብታም አገር ጣጣ ነው፤ ደኻ ምን ውዳቂ አለው?» ይሉኛል። የአፍሪካ መንግሥታት በ1991 እ.ኤ.አ. በባማኮ ተሰብስበው አደገኛ ውዳቂ ወደ አህጉራችን እንዳይገባ ስምምነት ያደረጉት ጣጣው የእኛም ስለ ሆነ ነው። አገራችንም በ2018 እ.ኤ.አ. ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች ውዳቂ አያያዝ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አውጥታለች። ባዕድ በደጃችን እንዳይጥል ከልክለን፥ እኛው በጎረቤታችን ደጅ ብንጥል ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

ሌሎች ደግሞ «ዘመቻው የቆራሌውን እንጀራ ይነጥቃል» ይላሉ። ይህኛው ክርክር ይከብደኛል፤ እውነት አለበትና። መልሱ ግን ዘመቻውን መተው አይደለም። የመለየቱንና የመፍታቱን ሥራ ለእነርሱ በደመወዝ፣ በጓንትና በአፍ መሸፈኛ መስጠት ነው። እጃቸው ከማንኛችንም እጅ የሠለጠነ ነው።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። በየመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ቤት የሞቱ ኮምፒዩተሮች አቧራ ለብሰው ለዓመታት ይቀመጣሉ፤ የመዝገብ ንብረት ናቸውና ማንም ሊነካቸው አይደፍርም። ቦታ ሲጠብ በጅምላ በሐራጅ ይሸጣሉ። የሚያሸንፈውም ብዙ ገንዘብ የሰጠ እንጂ ንጹሕ አሠራር ያለው አይደለም። የእኛም ሣጥን መጨረሻው ይኸው ከሆነ፥ ያደረግነው ነገር ቢኖር መርዙን ሰብስበን በአንድ ጊዜ ማስረከብ ብቻ ነው።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን አራት ነገር እንዲጠይቅ አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ሊጠገን የሚችለው በቴክኒክ ተማሪዎቻችን እጅ ተጠግኖ ኮምፒዩተር ላጡ ትምህርት ቤቶች ይሰጥ። ሁለተኛ፥ የሰው ምስጢር የተጻፈበት ሃርድ ዲስክ ሳይደመሰስ ከግቢ አይውጣ። ሦስተኛ፥ ባትሪ ለብቻው አሸዋ ባለበት የብረት ዕቃ ይቀመጥ፤ የሞኒተርም መስተዋት አይሰበር። አራተኛ፥ የተሰበሰበው ሁሉ ተመዝኖ ፈቃድ ላለው ተረካቢ ይሰጥ፤ የርክክቡም ደረሰኝ ማስታወቂያው በተለጠፈበት በዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ሣጥኑ ይነሣ አልልም። «አምጡ» ያለን ክፍል «የት ወሰዳችሁት?» ስንለው መልስ ይኑረው ነው የምለው። ደረሰኙ በሰሌዳው ላይ የተለጠፈ ዕለት፥ በመሳቢያዬ የቀሩኝን ሁለት የሞቱ ሞባይሎች ይዤ ከሁሉ ቀድሜ እመጣለሁ።